ሥዕልን ያስኬዱት መምህር እና ያልተሣለው ፊት

መምህር ገብረ ሊባኖስ ወልደ ጻድቅ ከአባታቸው ከአለቃ ወልደ ጻድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጥር 3 ቀን 1913 ዓ.ም. በዋግ በጋዝጊብላ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ከጋዝጊብላ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ ባሉ አድባራት የእጃቸው ሥራ ዛሬም በግድግዳው ላይ አለ። እናታቸው ጥጥ ፈታይ ነበሩ። እንዝርታቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራ ስላለው ከአሁኑ ስሙ ይነሣ።

መምህር ገብረ ሊባኖስ ዳዊት ደግመው ዲቁና ከተቀበሉ በኋላ ከአባታቸው ሥር ሆነው ቀለም መበጥበጥና ሸራ መወጠር ተማሩ። ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት ግን አንድ ሕግ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ይሁዳና የሰይጣን ጭፍራ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ዓይን ደግሞ የሚሣለው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ይህን ሕግ የዚህ አገር ሰው ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር ያውቀዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ የሚሰማ ለቀስተኛ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ይፈለጋል።

በ1935 ዓ.ም. በሰቆጣ የመንግሥት ትምህርት ሲጀመር መምህር ገብረ ሊባኖስ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ጢማቸውን አሳድገው ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀመጡ። ልጆቹ አባባ እያሉ ቢቀልዱባቸውም የሦስት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት ተኩል ጨረሱ። በ1938 ዓ.ም. ለመምህርነት ኮርስ ተመርጠው ወደ ደሴ ሄዱ።

በደሴ ሳሉ የጤና ትምህርት የሚያሳይ ሲኒማ የጫነ መኪና ወደ ከተማው መጣ። ሕዝቡ ሸራው ላይ የምትበረውን የወባ ትንኝ እያየ ሲጮኽ መምህር ገብረ ሊባኖስ ለሸራው ጀርባቸውን ሰጥተው ማሽኑን ይመለከቱ ነበር። ሲያልቅ ወደ ባለማሽኑ ቀርበው ለመኑት፤ እሱም የተበጠሰ የጥቅልል ቁራጭ፣ ስንዝር የምታህል፣ ሰጣቸው። በማግሥቱ ወደ ፀሐይ ይዘው ሲያዩዋት ያቺው ትንኝ ብዙ ጊዜ ተደጋግማ ተሥላለች፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ክንፏ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይን ውስጥ ነው። ያቺን ቁራጭ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዳዊታቸው ማኅደር አልለዩአትም።

በ1940 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተመልሰው የሳይንስና የጤና ትምህርት መምህር ሆነው ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ጸሐይነሽ ብዙነህን በቁርባን አግብተው ጥሩሐረግን፣ አመተ ሥላሴንና ጓንጉልን ወለዱ።

የመምህርነት ሥራቸው መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች በቤታቸው ኸምጣኛ እንጂ አማርኛ አይናገሩም፤ መጽሐፉ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። መምህሩ ስለ ደም ዝውውር ሲያስረዱ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩአቸዋል፤ ሲጠየቁ ይስቃሉ። ስለዚህ በ1946 ዓ.ም. አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚስታቸውን ወንፊት ወሰዱ። የሚነፋበትን መረብ አውጥተው ክቡን እንጨት ብቻ አስቀሩ፤ በዙሪያው ወፍራም ወረቀት አቆሙ፤ በወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ አበጁ፤ ውስጡን በጥላሸት አጠቆሩ፤ በእናታቸው እንዝርት ላይም አቆሙት። አሥራ ሁለት ሥዕል ያለበት ረጅም ወረቀት በውስጡ አስቀምጠው እንዝርቱን ሲያሾሩትና በቀዳዳው በኩል ሲያዩ ሥዕሉ ይሄዳል። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዱቄታቸውን ለሦስት ሳምንት በጎረቤት ወንፊት ነፍተዋል፤ ይህንንም እስከ ዛሬ አልረሱትም።

የመጀመሪያው ሥዕል ከአፈር የሚወጣ ባቄላ ነበር። ያየ ተማሪ ሁሉ እየጮኸ ሌላውን ይገፋ ጀመር። «መምህር፣ ባቄላው ተነሣ! ባቄላው ቀና አለ!» እያሉ ክፍሉን አናወጡት። ከዚያ በኋላ ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ፣ ልብ ሲመታ፣ እንቁራሪት ከጭራዋ ስትላቀቅ ተከተለ። ዛሬ በዚህ ለቅሶ ላይ ካሉት ሰዎች ውስጥ ልቡ በግራ ደረቱ ውስጥ እንደ ቡጢ ተጨብጣ እንደምትከፈት የሚያውቅ ካለ፣ ከዚያ ወንፊት ውስጥ አይቶት ነው።

አሁን የሚከተለው የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ነው። ጽሑፉን የጻፈችው ልጃቸው ጥሩሐረግ ስትሆን የሚያነቡት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ተስፋው ናቸው። አቶ ተስፋው ሰላም ወዳድ ሰው ስለሆኑ እዚህ ላይ ሁለት ሦስት አንቀጽ መዝለል ያምራቸው ይሆናል። ወረቀቱ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ተባዝቶ በሁላችሁም እጅ እንዳለ ከወዲሁ እናሳስባቸዋለን።

በ1951 ዓ.ም. በልግ በከተማው ልጆች ላይ የደም ተቅማጥ ገባ። ሕዝቡ ከሚቀዳበት ምንጭ ከፍ ብሎ የግራዝማች ደጅይጥኑ የበቅሎና የከብት በረት ነበር፤ ዛሬም አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የበረቱ እድፍ ወደ ምንጩ ይወርዳል። መምህር ገብረ ሊባኖስ የከተማውን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለምነው፣ በረቱ ክረምት ሳይገባ ከወንዙ ማዶ እንዲዛወር አስማሙ። ግራዝማችም እንቢ አላሉም፤ «እናያለን» ብለው ነበር።

መምህሩ ነገሩ እንዲፋጠን ብለው በወንፊታቸው አሳዩት። ሦስት ጥቅልል ሣሉ። በመጀመሪያው አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ወደ በረት ይወጣል። በሁለተኛው ዝናብ ይጥልና እድፉ ቁልቁል ይወርዳል። በሦስተኛው አንዲት ልጅ በቅል ውሃ ትጠጣና ሆዷን ይዛ ትጎነበሳለች። ስህተታቸው በመጀመሪያው ላይ ነው። የሚራመድ ሰው ከጎን ካልተሣለ እግሩ አይሄድም፤ ፊት ለፊት ከሣሉት እንደ ግንድ ይቆማል። የሠዓሊው ልጅ ሐሳባቸው ሁሉ እግሩ ላይ ስለነበረ ዓይኑን ጨርሶ አላሰቡትም። ሰውየው በጎን፣ በአንድ ዓይን ወጣ። ግራዝማች የሚለብሱትን ዓይነት በርኖስም አልብሰውታል። ዓይኑ ስህተት ነው፤ በርኖሱን ግን አስበውበታል፤ ይህን ልጃቸው አትደብቅም።

ግንቦት 21 ቀን 1951 ዓ.ም. የወላጆች ቀን ነበር። በወንፊቱ ቀዳዳ መጀመሪያ ያዩት እማሆይ አሥራተ ማርያም ናቸው። አጎንብሰው ተመለከቱና ደንግጠው አማተቡ። «ውይ በስመ አብ! ባለ በርኖሱ አንድ ዓይን ነው። ማን ነው የኮነነው?» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «በቅሎዋን አታውቋትም እንዴ?» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ደጅይጥኑ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ወንፊቱ ሁለት ጊዜ እስኪዞር አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«አንተ የሠዓሊ ልጅ ነህ፤ ሕጉን ታውቃለህ። በቁሜ ሲኦል አስገባኸኝ» አሉ።

መምህሩ «ጌታዬ፣ እግሩ እንዲሄድ ብዬ ነው» አሉ።

ይህን መልስ የሰማ የለም። ግራዝማች ወንፊቱን በጫማቸው ረግጠው ሰበሩት። የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እንዝርትም አብሮ ተሰበረ።

በሳምንቱ መምህሩ አስማት ይሠራሉ፣ ባላባት ይሳደባሉ የሚል ክስ ቀረበባቸው። በሰኔ ወደ አበርገሌ ተዛውረሃል የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። የበረቱም ነገር በዚያው ተቀበረ። ግራዝማች «የተሰደብኩበትን በረት አልነቅልም» አሉ፤ አንድም ሽማግሌ አፉን አልከፈተም። እነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ዛሬም በድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል። ያን ቀን አንዳቸው ሁለት ቃል ተናግረው ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ አንቀጽ አይጻፍም ነበር።

አበርገሌ በረሃ ስለሆነ ቤተሰቡ ሰቆጣ ቀረ። በነሐሴ ዝናቡ በረታ። አመተ ሥላሴ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከታላቅ እህቷ ከጥሩሐረግ ጋር ወደ ምንጩ ወርዳ እንስራው እስኪሞላ ድረስ በቅል ጠጣች። ጥሩሐረግ አልጠማትም ነበር። አመተ ሥላሴ በአምስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 26 ቀን 1951 ዓ.ም. ሞተች። አባቷ ወንዞቹ ሞልተው መንገድ ስለዘጉባቸው የደረሱት በተቀበረች በአራተኛው ቀን ነው። በመቃብሯ ላይ ሳር እንኳ አልበቀለም ነበር፤ እሳቸውም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። አላለቀሱም። ያን ቀን ያየቻቸው ልጃቸው፣ አባቷ ቢያለቅሱ ይሻላት እንደነበር ትናገራለች።

በዚህ አገር ለቅሶ አይቀርም፤ የተጣላም ይመጣል። ግራዝማች ደጅይጥኑም መጡ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ። መምህር ገብረ ሊባኖስ ቀና ብለው አይተዋቸው፣ «ነገ የእኔም ለቅሶ ይሆናል፤ እርስዎም ይመጣሉ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብለው መለሱላቸው። ለቀስተኛው ሐዘን አናግሯቸው ነው ብሎ አለፈው። ሐዘን አልነበረም።

መምህር ገብረ ሊባኖስ በአበርገሌ ሰባት ዓመት አስተማሩ። ከላም ቀንድ ማሾሪያ፣ ከቆርቆሮ ወንፊት ሠርተው ስለ ፍየል መዥገር፣ ስለ ወባና ስለ እባብ ንክሻ ለቆላው ልጆች አሳዩ። ሰው በሣሉ ጊዜ ሁሉ ሁለት ዓይን ይሥሉለት ነበር፤ እግሩ በጎን፣ ፊቱ ፊት ለፊት። አካሄዱ ትንሽ እንደ ሸርጣን ቢሆንም ማንም አልተቀየመም። በ1958 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተመልሰው በድሮው ክፍላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። በረቱ በቦታው ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የደብራችን ግድግዳ ሲታደስ ግራዝማች ደጅይጥኑ የእመቤታችንን ሥዕል ለማሣል ስእለት ተሳሉ። እንደ ልማዱም ሥዕሉን ያሣለው ሰው ከእግሯ ሥር ተደፍቶ እንዲሣል ጠየቁ። አለቃ ወልደ ጻድቅ ዐርፈው ስለነበር በአካባቢው ብሩሽ የሚይዝ ሰው መምህር ገብረ ሊባኖስ ብቻ ነበሩ። ግራዝማች ራሳቸው ሳይመጡ ሽማግሌ ላኩ። ሰዉ ሁሉ እንቢ ይላሉ ብሎ ሲጠብቅ መምህሩ እሺ አሉ። ጓደኞቻቸው እንኳ አዘኑባቸው፤ ረሱ፣ ልባቸው ቀዘቀዘ ተባለ።

ሁለት ወር ሠሩ። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ በሴቶች መቆሚያ በኩል፣ እንስራ የሚሸከሙት ሁሉ በሚያዩት ግድግዳ ላይ። እመቤታችን ከነልጇ ተሣለች፤ መላእክቱም። ከእግሯ ሥር በርኖስ የለበሰ ሰው ተደፍቷል። እጁ ተሥሏል፤ የበርኖሱ ጥልፍ ሳይቀር ተሥሏል፤ ከኋላው ምንጩ አለ፤ ከምንጩ በላይ በረቱ አለ። ፊቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ነጭ ሸራ ብቻ ነው። መምህሩ ብሩሻቸውን አጥበው ወጡ።

ሲጠየቁ፣ «ዓይን የሚሣለው በመጨረሻ ነው። በረቱ ሲነሣ ሁለት ዓይን እሥልላቸዋለሁ። ካልተነሣ ግን ፊታቸውን በየትኛው ወገን እንደምሥለው አላውቅም» አሉ።

እነሆ ስድስት ዓመት ሆነ። ግራዝማች ደጅይጥኑ በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ፊት የሌለው ራሳቸው ተደፍቶ ይቀበላቸዋል። በ1962 ዓ.ም. ከላስታ ሌላ ሠዓሊ አስመጡ። ሠዓሊው መሰላል አቁሞ ቀለም ሲበጠብጥ እማሆይ አሥራተ ማርያም ቀርበው ታሪኩን አወሩለት። ሰውየው ቀለሙን ደፍቶ፣ መሰላሉን አውርዶ፣ ምሳውን እንኳ ሳይበላ ወደ አገሩ ሄደ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ መምህሩ በትሕትና አስቀምጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ያንኑ መልስ ሰጡ። ግራዝማችም ያንኑ መልስ ሰጡ። እነሆ ሁለት እልኸኛ ሰዎች በአንድ ነጭ ሸራ ላይ ስድስት ዓመት ሲተያዩ ኖሩ። በዚህ መሃል በየክረምቱ ስንት ልጅ እንደተቀበረ የየቤቱ እናት ታውቃለች።

ዘንድሮ በድርቁ ምክንያት ከቆላው የተሰደደው ሕዝብ ሰቆጣን ሲሞላ መምህር ገብረ ሊባኖስ ትምህርት ቤቱን ለቀው መጠለያው ውስጥ ዋሉ። ወንፊታቸውን ይዘው ቅማል ተስቦን ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደምታሻግር፣ ልብስ እንዴት እንደሚቀቀል ሲያሳዩ ሰነበቱ። አማርኛ የማያውቀውም ትግርኛ የማያውቀውም በዓይኑ አይቶ ይገባው ነበር። በየካቲት መጨረሻ ራሳቸውንም ተስቦ ያዛቸው።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ይቅር እንዲሉ ለመኗቸው። መምህሩ፣ «አባቴ፣ ስለ ራሴ ይቅር ብያለሁ፤ ስለ አበርገሌውም ስለ ወንፊቱም። ስለ አመተ ሥላሴ ግን ይቅር የምለው በረቱ ሲፈርስ ነው፤ እሷን ወክዬ ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም» አሉ። ቄስ ገብረ ኪዳን እግዚአብሔር ይፍታህ አሏቸው፤ ሥጋ ወደሙም አቀበሏቸው።

መጋቢት 15 ቀን ልጃቸውን ጥሩሐረግን ጠርተው ብሩሻቸውን ሰጧት። ጥሩሐረግ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀለም የበጠበጠችላቸው ናት። አንድ ዓይን ወይስ ሁለት ብላ ብትጠይቃቸው፣ «በረቱን አይተሽ ሣዪ» አሏት። መምህር ገብረ ሊባኖስ ሐሙስ መጋቢት 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በዛሬው ዕለት ዓርብ፣ እንደ ቃላቸው፣ ከአመተ ሥላሴ አጠገብ ይቀበራሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽ ብዙነህ፣ ልጆቻቸው ጥሩሐረግ እና ጓንጉል፣ እንዲሁም በሰቆጣና በአበርገሌ ያስተማሯቸው ሁሉ በሐዘን ቀርተዋል።

ግራዝማች ደጅይጥኑ ዛሬ መጥተዋል። ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ደራሽ የሕይወት ታሪክ እስኪያልቅ አይነሣምና አልተነሡም። ያኔ እንነጋገራለን የተባለው ንግግር ይህ ነው። የመምህሩ ተዝካር በአርባ ቀን፣ ሚያዝያ 28 ይወጣል፤ ክረምት ገና አልገባም። በዚያ ቀን ጥሩሐረግ መሰላል አቁማ ፊቱን ትጨርሰዋለች። በረቱ ከተነሣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ አባቷ ለጻድቅ እንደሚሥሉት አሳምራ። በረቱ ከቆመ በጎን፣ በአንድ ዓይን፤ በዚያም ግድግዳ ላይ ግራዝማችም ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም እያዩት ይኖራሉ። ሁለቱንም በወረቀት ላይ ለምዳቸዋለች።

እግዚአብሔር የመምህር ገብረ ሊባኖስን ነፍስ ጥማት በሌለበት፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ስፍራ ያሳርፍ፤ ልጃቸውን አመተ ሥላሴንም በእጃቸው ይስጣቸው። ለቤተሰቡም መጽናናትን ያድል። አሜን።

ቀብሩ ሲያበቃ ግራዝማች ደጅይጥኑ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበት መንገድ በምንጩ በኩል ነው።